ዊኒፔግ ላይ ያለ መኪና ለመኖር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካናዳዋ ዊኒፔግ የገባ አበሻ ቶሎ የሚሰማው ምክር «እዚህ ያለ መኪና አይሆንም» የሚል ነው። ይሆናል። የሚያከብዱት እነዚህ ስህተቶች ናቸው።

ትልቁ ስህተት ቤትን በኪራዩ ብቻ መምረጥ ነው። ከተማ ዳር ያለው ቤት ረከስ ይል ይሆናል፤ ግን ማታና እሑድ አውቶቡሱ ይጠፋል። የተረፈዎትን ብር ታክሲ ይበላዋል። ውል ከመፈረምዎ በፊት ከቤቱ እስከ ሥራዎ ያለውን ጉዞ ስልክዎ ላይ ይፈልጉ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ያስተካክሉ። እሑድ ማለዳ ሥራ የሚገቡ ከሆነ የማክሰኞ እኩለ ቀን መልስ ምንም አይጠቅምዎትም። ለተማሪ ደግሞ ብሉ የሚባለው የአውቶቡስ መስመር አጠገብ መኖር ትልቅ ዕድል ነው። መሀል ከተማን ከማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያገናኛል፤ ከፊሉን መንገድ የሚሄደውም ለአውቶቡስ ብቻ በተሠራ ጎዳና ነው።

ሁለተኛው፣ ነባር ሰው የነገረዎትን የአውቶቡስ ቁጥር ይዞ መውጣት። ከተማው በጁን 29 ቀን 2025 መስመሮቹን ከሥር መሠረታቸው ቀይሯል። ስለዚህ የድሮ ካርታም የድሮ ምክርም ያሳስትዎታል።

ክረምት ላይ የሚሠራው ስህተት ግን ሰውነት ይጎዳል። ቅዝቃዜው ከነነፋሱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል። «እንዳያመልጠኝ» ብሎ ቀድሞ ወጥቶ ፌርማታ ላይ መገተር እባክዎ ይቅር። ፌርማታው ላይ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይያዙት፤ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ቤት ሆነው አይተው ይውጡ። ስልኩን የውስጥ ኪስ ውስጥ ይክተቱት። ውጭ ከያዙት፣ ግማሽ ቻርጅ እያለው እንኳ ብርዱ ድንገት ሊያጠፋው ይችላል። መሀል ከተማ ከሆኑ ደግሞ ሕንፃዎቹን ከላይ የሚያገናኙ ሙቅ መተላለፊያዎች አሉ፤ ይጠቀሙባቸው።

ዝርዝር ሳይዙ አይሳፈሩ፤ ሹፌሩ መልስ አይሰጥም። ፔጎ የሚባለውን የአውቶቡስ መክፈያ ካርድ ያውጡ፤ ከጥሬ ገንዘብ ይረክሳል።

የመጨረሻው፣ መኪና ያለውን ወዳጅ ለሁሉም ነገር መጥራት። ሰው ይሰለቻል፣ እርስዎም ከተማውን ሳይለምዱት ይቀራሉ። ዱቄትና ሽንኩርት በብዛት ለሚገዙበት ቀን፣ መንጃ ፈቃድ ካለዎት፣ ፔግ ሲቲ የተባለው የመኪና ኅብረት ሥራ ማኅበር መኪና በሰዓት ያከራያል።