ሳንዲያጎ ውስጥ ጋራዥ ሴል እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይሸጣል?

አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ስገባ የመጀመሪያ ቤቴን ያሟላሁት በጋራዥ ሴል ነው፤ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ ሲሸጥ ማለት ነው። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ከሰው ደጃፍ የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ ቢሆን የማይፈለገውን ዕቃ ቆራሌው በር ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። እዚህ ባለቤቱ ደጁ ላይ ይዘረጋዋል፣ ገዢው ይመጣል።

ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ አየር ብረት ይበላል። የጠዋቱ ጉም ዕቃ ያረጥባል። ይህን ያላወቀ ሰው ሲገዛም ሲሸጥም ይከስራል።

ለመግዛት ስትወጡ

መጀመሪያ ጊዜ ምረጡ። ሳንዲያጎ የባሕር ኃይልና የማሪን ከተማ ናት። ወታደር ቤተሰቦች ደግሞ በብዛት የሚዛወሩት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። የሚዛወር ሰው ለትርፍ አይሸጥም፤ እንዲቀልለት ነው የሚሸጠው። በእነዚያ ወራት ሐሙስ ማታ ክሬግስሊስት፣ ኔክስትዶርና ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ በሚባሉት የኢንተርኔት ማስታወቂያ ቦታዎች ላይ ፈልጉ። አድራሻዎቹን በሰፈር በሰፈር ከፋፍሉና ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ (በአሜሪካኑ 7) ከቤት ውጡ። ጥሩ ጥሩው ዕቃ እስከ ሦስት ሰዓት ያልቃል።

ቀጥሎ ቦርሳችሁን አዘጋጁ። ባለ 1 እና ባለ 5 ዶላር ዝርዝር፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ አሮጌ ፎጣ። ማግኔቱን ብዙ ሰው አይዝም። እኔ ግን ያለሱ አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማንኛውንም ብረት ያለበት ዕቃ ገልብጣችሁ እዩ። ከላይ የሚታየው ቀለም ነው፤ እውነቱ ያለው ከሥር ነው። አንድ ጊዜ ኦሽን ቢች አካባቢ ለልጄ በ25 ዶላር ብስክሌት ገዛሁ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጎማው አዲስ ነው። ቤት ወስጄ ኮርቻውን ከፍ ላደርግ ብል ንቅንቅ አልል አለ። ዘንጉ ከብስክሌቱ አካል ጋር ተጣብቋል። ዘይት አፈሰስኩበት፣ በመዶሻ መታሁት፣ ምንም። ልጄ እስኪያድግበት ድረስ ጉልበቱን አጥፎ ነዳው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ሳይ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ኮርቻውን ፈትቼ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ሰንሰለቱን አሽከረክራለሁ። የጎማውን ሽቦዎች ሥራቸውን በጣቴ እዳስሳለሁ። ጣቴ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ከቀረ ዋጋው ይቀንሳል፣ ወይ ትቼው እሄዳለሁ።

ለባሕር ዳርቻ ወንበርና ለግቢ ጠረጴዛ ማግኔቱን አውጡ። ከያዘው ብረት ነው፤ ባሕሩ አጠገብ ከኖረ ከውስጥ መብላት ጀምሮ ይሆናል። ቀላል ሆኖ ማግኔት የማይዘው አሉሚኒየም ነው። እሱ ዕድሜ አለው። የሥጋ መጥበሻ ግሪል ከሆነ ክዳኑን ብቻ አትዩ። እሳቱ የሚወጣባቸውን ቱቦዎች አንሱና ቀዳዳው ተበልቶ እንዳልሰፋ ተመልከቱ።

ሁሉም ዝገት ግን የሚያስፈራ አይደለም። ወፍራሙ የብረት መጥበሻ ዝጎ ብታዩት አትለፉት። በሽቦ ፈትጉት፣ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት፣ ስስ ዘይት ቀቡትና በጋለ ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ደፍታችሁ ተዉት። ቡና ለመቁላት እንደሱ ያለ የለም። በ4 ዶላር የገዛሁት እስከ ዛሬ ያገለግለኛል።

ዓይናችሁ ይከፈት ያልኩበት ሌላም ዕቃ አለ። ከኖርዌይ የመጡ ቤተሰቦች ሌፍሴ የሚባለውን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እኛ እንጀራ እንጋግርበታለን። የአሮጊት ቤት ሲራገፍ አንዳንዴ ከጋራዥ ጥግ ይወጣል። ሻጮቹ ልጆች ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁትም። ካገኛችሁት ሰክታችሁ መጋሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ሻጩን ኤክስቴንሽን ገመድ መጠየቅ ነውር የለውም።

አገር ቤት ለመላክ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። 120 ብቻ የሚል ብሌንደር ወይም ካውያ አዲስ አበባ ሶኬት ውስጥ በገባበት ቅጽበት ይቃጠላል። 100-240 የሚል ከሆነ ሁለቱም ጋ ይሠራል። አብዛኛው የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር እንዲህ ነው። ሻንጣም እንደ ጋራዥ ሴል የሚረክስበት ቦታ የለም። ግን ዚፑን ሁለት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉ፣ መንኮራኩሩን አስፋልት ላይ ጎትቱ። 23 ኪሎ ሲሞላ የሚሰበረው እሱ ነው።

የማይገዙ ነገሮች አሉ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። የልጅ የመኪና ወንበር አትግዙ። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ በዓይን አይለይም፣ የማብቂያ ጊዜም አለው። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ አሮጌውንም ቢሆን መሸጥ ተከልክሏል፤ ሕፃናት ተጣብቀው ሞተውበታል። ፍራሽም ተዉት፣ ትኋን ቤት ከገባ ማስወጫው ከፍራሹ ይበልጣል። ሶፋ ከሆነ ስፌቱን በእጅ ባትሪ እዩ፣ ትራሱን አሽትቱ። እምክ እምክ ካለ የባሕሩ እርጥበት ውስጡ ገብቷል ማለት ነው።

ዋጋ ላይ የመርካቶውን ስልት አታምጡ። መርካቶ ነጋዴው የሚወርደውን አስቦ ነው የሚጠራው። እዚህ ግን ዋጋው ቀድሞ የወረደ ነው። 10 ዶላር የተባለውን 2 ማለት ሰውየውን ያስቀይመዋል፤ 7 ማለት ግን ያለ ነው። ሦስት አራት ዕቃ ሰብስባችሁ "ለሁሉም 20 ብሰጥስ?" በሉ። ይህ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ራሳችሁ ስትሸጡ

ቀን ስትመርጡ ወር በገባ በ1ኛው ወይም በ15ኛው ቀን አካባቢ ያለውን ቅዳሜ ያዙ። የወታደር ደሞዝ የሚገባው በእነዚህ ቀናት ነው፣ ሌላውም ብዙ ሠራተኛ እንዲሁ። አፓርታማ ከሆነ የምትኖሩት አከራዩን አስፈቅዱ። የከተማውን ደንብ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይለያያል። ማስታወቂያችሁን መብራት ምሰሶና የትራፊክ ምልክት ላይ አትለጥፉ። በካርቶን ሳጥን ላይ በወፍራሙ ጽፋችሁ፣ ውስጡ ድንጋይ ከታችሁ፣ በጎረቤት ፈቃድ ግቢው ጥግ ላይ አስቀምጡ። ከሚነዳ መኪና የሚነበበው ቀስትና አድራሻ ብቻ ነው።

ስለ ጉሙ ላስጠንቅቃችሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሳንዲያጎ ጠዋት ጠዋት ሰማይ አታይም። ማታ ደጅ ያሳደራችሁት ዕቃ በነጋ ጊዜ ጤዛ ጠጥቶ ታገኙታላችሁ። እኔ አንድ ካርቶን የልጆች መጽሐፍ ማታውን አውጥቼ ጠዋት ገጾቹ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ማታ ዘርጉ፣ ዕቃውን ንጋት ላይ አውጡ። መጽሐፍ፣ ልብስና ኤሌክትሪክ ነገር ጋራዡ ውስጥ ይቆዩ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ይወጣሉ። ሸራ አዘጋጁ፣ ፎጣ በእጃችሁ ይኑር።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ዕቃውን እጠቡ። ያልታጠበ ድስት በ1 ዶላር አይሸጥም፤ የታጠበው በ5 ይሄዳል። ዋጋ ለጥፉበት፤ አሜሪካኖች መጠየቅ ያፍራሉ፣ ዋጋ ካላዩ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሐበሻ ልብስ፣ ጀበና ወይም መሶብ የምትሸጡ ከሆነ ምን እንደሆነ በትንሽ ወረቀት ጻፉበት። ቆሞ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ይገዛል።

ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ወገባችሁ ላይ ታጠቁት። በጠዋቱ ባለ 20 ዶላር ይዘው መልስ የሚፈልጉ ስለሚበዙ ቢያንስ 40 ዶላር ዝርዝር ይኑራችሁ። በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል ወይም ቬንሞ ከከፈሉ የእነሱን ስልክ አትመኑ። ገንዘቡ እናንተ ስልክ ላይ ሲገባ ዕቃው ይወጣል።

ጉድለቱን ራሳችሁ ተናገሩ። "ይህ ከሥሩ ዝጓል፣ ይህ ሁለተኛው ፍጥነት አይሠራም" በሉ። ጎረቤት ነው የሚገዛችሁ፤ ሰኞ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ዋጋውን በግማሽ አውርዱ። ስድስት ሰዓት ላይ ሰብስቡ። ያልተሸጠው ልብስና ዕቃ ደህና ከሆነ ያኔውኑ መኪና ላይ ጭናችሁ ያገለገለ ዕቃ በእርዳታ ለሚቀበሉት ለጉድዊል ወይም ለሳልቬሽን አርሚ አድርሱት፤ ጋራዥ ከተመለሰ ሌላ ዓመት ይቀመጣል። የጎረቤት ጥግ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሳጥንም ስትመለሱ አንሱ።