«አድቨርታይዝ»ን የት እንበል፣ የት እንተው?

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ስጽፍና ሳትም እውላለሁ። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ። «ይሄን በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቃል ደግሞ «አድቨርታይዝ» ነው፤ ለገበያ ወይም ለሥራ ማስታወቂያ ማውጣት ማለት ነው።

የሚያሳስተን የራሳችን ቃል ነው። ሳሙና ለመሸጥ የሚወጣውንም፣ ቀበሌ በር ላይ የሚለጠፈውን የስብሰባ ጥሪም «ማስታወቂያ» እንላለን። ድሮ «ማስታወቂያ ሚኒስቴር» የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዕቃ ሊሸጥ አልነበረም የተቋቋመው። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። የቀበሌው «ኖቲስ» ነው፤ የሳሙናው «አድቨርታይዝመንት»።

«ማስተዋወቅ»ም እንዲሁ ነው። አንዲት ተማሪ «ጓደኛዬን ከእናቴ ጋር አስተዋወቅኩ» ለማለት «አድቨርታይዝ» ብላ ጽፋ መጣች። ሰውን ከሰው ማስተዋወቅ «ኢንትሮዲውስ» ነው። «ሰኞ ገበያ የሚወጣ ነገር ከሆነ አድቨርታይዝ በይ» አልኳት። እስካሁን ለሁሉም የምነግረው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ፎር»ን መርሳት ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባለ ሆቴል ምግብ አብሳይ ፈልገው መጡ። «ዊ አር አድቨርታይዚንግ ኤ ኩክ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ተለጠፈ። በሳምንቱ ጡረታ የወጡ መምህር ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡና «ልጄ፣ ሴትየዋ አብሳያቸውን እየሸጡ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ፈልገው ነው» አልኩ። «ታዲያ ፎር የት ሄደች?» በጣም አዘንኩ፤ ሰው አምኖኝ የሰጠኝ ሥራ ነበር። ወረቀቶቹን ከተለጠፉበት አንስቼ በራሴ ወጪ እንደገና አተምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያላችሁን ነገር ገዢ ወይም ተከራይ እንዲያየው ስታወጡ «ፎር» አይገባም። የሌላችሁን ስትፈልጉ ይገባል። ቤት የሚያከራይ «አድቨርታይዝ ኤ ሃውስ» ይላል፤ ቤት የሚፈልግ «አድቨርታይዝ ፎር ኤ ሃውስ»። ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካ ሥራውን ሲያወጣ «አድቨርታይዝ ኤ ጆብ» ነው፤ ሥራው በእጁ ነዋ። ሾፌሩ ግን ገና አልተገኘም፤ ስለዚህ «አድቨርታይዝ ፎር ኤ ድራይቨር»።

ከገበያ ውጪም አንድ ትርጉም አለው፤ ይፋ ማውጣት። ብዙውን ጊዜ «አታድርግ» ሲባል ይመጣል። ብር ይዞ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚሄድ ሰው «መያዝህን አታውራ» ለማለት «ዶንት አድቨርታይዝ ኢት» ይባላል። እኔ ይህን ትርጉም በጣም እወደዋለሁ፤ ወደ ድሮው ይቀርባልና። የላቲን ሥሩ «ወደ አንድ ነገር ማዞር» ማለት ነው፤ ጥንት በእንግሊዝኛም ማሳወቅና ማስጠንቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መጽሐፈ ሩት ላይ፣ ቦዔዝ ለዘመዱ የኑኃሚንን መሬት ነገር ሲያስታውቀው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ያኔ ከኛ «ማስታወቅ» ጋር ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው።

አጻጻፉ ሁሌም በ«ኤስ» ነው፤ አሜሪካኖችም እዚህ ላይ «ዜድ» አይጽፉም። «አድቨርታይዚንግ» ሥራው ስለሆነ አይቆጠርም፤ አንድ ማስታወቂያ «ኤን አድቨርታይዝመንት» ነው። ሲያጥር «አድ»፣ በአንድ «ዲ»። ሁለተኛ «ዲ» ከጨመራችሁ መደመር ይሆናል።