ስፔን ገጠር፣ በድሮ ገዳም ውስጥ ማደር፦ ከመሄዳችሁ በፊት

አውሮፓ የምትኖሩና ለእረፍታችሁ ከባሕር ዳርቻና ከከተማ ግርግር የተለየ ነገር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ስፔን ውስጥ ፓራዶር የሚባሉትን ሆቴሎች አስቡባቸው። የመንግሥት ናቸው። የመጀመሪያው በ1928 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ግሬዶስ ተራሮች ላይ ተከፈተ። ዛሬ ከ90 በላይ ሲሆኑ ከነሱም ብዙዎቹ ፈርሰው ሊቀሩ የነበሩ ግንቦች፣ የመኳንንት ቤቶችና ገዳማት ናቸው፤ ታድሰው ሆቴል ሆኑ። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ጋሊሲያ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ ኦሬንሴ ከተማ አቅራቢያ ስላለው ሳንቶ እስቴቮ።

ቦታው ቤኔዲክት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት ገዳም ነበር። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ዘጠኝ ጳጳሳት መንበራቸውን ትተው እዚህ መነኑ ይባላል፤ የገዳሙ አርማ ላይ ዘጠኝ የጳጳስ አክሊል ያለው ለዚህ ነው። ስለ ተስዓቱ ቅዱሳን እየሰማ ላደገ የኛ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይሆንበትም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን መንግሥት የገዳማትን ንብረት ሲወርስ መነኮሳቱ ወጡ፤ ሆቴል ሆኖ የተከፈተው በ2004 ነው።

ዋናው ምክሬ ሁለት ሌሊት እደሩ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ከሰዓት ደርሳችሁ፣ ሻንጣ አስገብታችሁ፣ እራት በልታችሁ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ቸኩላችሁ ትወጣላችሁ፤ ለአልጋ ብቻ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ያሳዝናል። የከፈላችሁት ለሕንጻው ነው። በቅስት የተከበቡ ሦስት ግቢዎች አሉት። የጳጳሳቱ በሚባለው ግቢ ቁሙና ቀና በሉ፦ የታችኛው ክብ ክብ ቅስት የጥንቱ ሲሆን የላይኛው ሾጣጣ ጌጥ ከዘመናት በኋላ የተጨመረ ነው፤ ክርስቶስና ሐዋርያት የተቀረጹበት የቆየ ድንጋይም በገዳሙ አለ። ቀን ቀን ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ማታና ማለዳ ግን ግቢው ለአዳሪው ነው፤ ቁርስ ሳትበሉ ውጡና ዙሩት።

ክፍሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስትይዙ ወደ ግቢው ይሁን ወደ ጫካው የሚያይ ክፍል እንደምትፈልጉ ጻፉላቸው። እኔ ጫካውን እመርጣለሁ፤ ዙሪያው የቼስትነት (ፍሬው ተጠብሶ የሚበላ) ዛፍ ነው፣ በኅዳር አካባቢ መልኩ ሌላ ነው። ቅዳሜና እሑድን ብትተዉት ዋጋው ቀለል ይላል። ገጠር ያሉት አንዳንድ ፓራዶሮች በአውሮፓ ክረምት ለተወሰነ ጊዜ ስለሚዘጉ የባቡር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ። ፓስፖርታችሁን ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ያዙ። ስፔን ውስጥ ሆቴል የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

ከማድሪድ ኦሬንሴ ፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ መኪና ተከራዩ፤ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ያስነዳል። መንገዱ ጠባብና ጥምዝምዝ ስለሆነ ሳይመሽ ድረሱ።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ጋሊሲያ የአሳማ አገር ነው። ካልዶ ጋዬጎ የሚሉት ሾርባ ሲታይ ጎመን፣ ድንችና ባቄላ መሳይ ነገር ነው፤ ጾመኛ አይቶ ደስ ይለዋል። ግን ጣዕሙን የሚሰጠው ውስጡ የሚገባው የአሳማ ስብ ነው። ምስር ውስጥም ቾሪዞ (የአሳማ ቋሊማ) ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፣ ስብንም ጨምራችሁ ተናገሩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ግራሳ ዴ ሰርዶ»። የጾም ወቅት ከሆነ «ቬጋኖ» በሏቸው፤ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ በአንድ ቃል ይወጣሉ። የክልሉ ኩራት ፑልፖ (ኦክቶፐስ፣ ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) ነው፤ እሱን የማትበሉ ዓሣ ጠይቁ። ፒሚየንቶስ ዴ ፓድሮን ግን ለሁላችንም ይሆናል፦ ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያ በዘይት ተጠብሶ ጨው የተነሰነሰበት፣ አልፎ አልፎ አንዱ የሚያቃጥል። ከሁሉም የሚሻለው ከመሄዳችሁ ከጥቂት ቀን በፊት በኢሜይል መጻፍ ነው፤ ወጥ ቤቱ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል። እራት የሚጀምረው ከምሽቱ 2፡30 ገደማ መሆኑንም አትርሱ፤ ልጆች ካሏችሁ መክሰስ ያዙ።

ሁለተኛውን ቀን ለውጭ አድርጉት። ሲል ወንዝ ከታች በገደል መሐል ያልፋል፤ በጀልባ መዞር ይቻላል፣ ቦታ ግን ቀድማችሁ ያዙ። ከጀልባው ላይ ወይኑ የተተከለበትን እርከን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ፤ ቁልቁለቱ ትራክተር ስለማያስገባ በመስከረም ፍሬውን የሚለቅመው ሰው በእጁ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው የእርከኑን ድካም ያውቀዋል።

ጊዜ ካጠራችሁ ጀልባውን ተዉት እንጂ ሳን ፔድሮ ዴ ሮካስን አትለፉ። ከሆቴሉ በመኪና ቅርብ ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን 573 ዓ.ም. የሚል የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቶበታል። ወለሉ ላይ በሰው ቅርጽ የተፈለፈሉ መቃብሮች ስላሉ ስትገቡ እግራችሁ የሚያርፍበትን ተመልከቱ፤ የማይንሸራተት ጫማም አድርጉ።