ስለ ቁፋሮና ፍንዳታ ለጎረቤት ስናሳውቅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ለመሥራት ሲቆፈር በብዙ ቦታ አፈሩ አልቆ ድንጋይ ይመጣል። ድንጋዩ ለጃክሃመር አልበገር ሲል ድማሚት ይታሰባል። በሳይት መሐንዲስነት ስሠራ ከሰፈርተኛ ጋር ያጋጨን ፍንዳታው ራሱ አልነበረም፤ አስቀድመን ያልነገርናቸው ወይም አሳንሰን የነገርናቸው ነገር ነው።

ለወረዳ ደብዳቤ አስገብቶ «ጎረቤት አውቋል» ማለት። ፈቃድ ሌላ፣ ማሳወቅ ሌላ። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀራል እንጂ ከአጥሩ ማዶ ለምትኖረው ተከራይ አይደርሳትም። በየበሩ ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ጉልት የምትቸረችረዋም፣ ዘበኛውም መስማት አለባቸው። ከሁሉ በፊት ግን የእድሩን ሰብሳቢ ያነጋግሩ። አራስ ያለችበትን፣ የልብ ሕመምተኛ የተኛበትን፣ ለቅሶ የተቀመጠበትን ቤት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ሳንጠይቅ ድንኳን ተጥሎ ሰው ለቅሶ ላይ ሳለ አፈነዳን። ማንም አልተጎዳም፤ ሰፈሩ ግን ሥራው እስኪያልቅ ይቅር አላለንም፣ እውነትም ነበራቸው።

ማስታወቂያ ላይ «10:00» ብሎ መጻፍ። የውጭ ተቋራጭ ባለበት ሳይት መርሐ ግብሩ የሚወጣው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሰፈርተኛው ግን 10 ሰዓት ሲል የሚያስበው ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበትን ነው። «ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ተብሎ በደማቁ ይጻፍ። ፍንዳታው ከተላለፈም ያው በር ይንኳኳ፤ ሕፃን አቅፎ ሲጠብቅ የዋለ ሰው በማግሥቱ ማስታወቂያዎን አያምንም።

«ምንም አይሰማችሁም» ማለት። ይሰማቸዋል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ንዝረትን የሚያውቀው በሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ሕንፃን አይጎዳም ተብሎ የሚታሰበው የንዝረት ወሰን ግን ከዚህ በላይ ነው፦ የጀርመኑ ዲን 4150 ደረጃ በዝቅተኛ ድግግሞሽ (ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝ ንዝረት) ለመኖሪያ ቤት መሠረት ያስቀመጠው በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር፣ በቀላሉ ለሚጎዳ ሕንፃ ደግሞ 3 ነው። ያረጀ ጭቃ ቤትን እኔ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ጋር እቆጥረዋለሁ። ስለዚህ ቤቱ ሳይነካ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው በሌሊት ከቤቱ ወጥቷል፤ ሳይነገረው ወለሉ የተነቃነቀበት ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ ነው። «ቤታችሁ ለአፍታ ይነቃነቃል፤ በመሣሪያ እንለካለን፤ የለካነውንም እናሳያችኋለን» ይበሉ፣ ያሳዩም።

የቆየውን ስንጥቅ አለመመዝገብ። መረሬ አፈር ላይ የቆመ ቤት አፈሩ በክረምት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ግን ግድግዳውን አተኩሮ የሚያየው ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ነው። ሥራ ሳይጀመር አብራችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ ተፈራረሙ። አንዱ ቅጂ እዚያው ለባለቤቱ ይሰጥ። መዝገቡ ተቋራጩ ጋር ብቻ ከቀረ ጎረቤት እንደ ወጥመድ ያየዋል፤ አይፈረድበትም።

ሳይረን እየነፉ ትርጉሙን አለመንገር። የትኛው ድምፅ «ግቡ»፣ የትኛው «አልቋል» እንደሆነ በየሳይቱ ይለያያል። ለልጆቹ ጭምር አስቀድሞ ይነገር።

ስለ ፍንዳታው ነግሮ ስለ ጉድጓዱ ዝም ማለት። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፍንዳታው በሰከንዶች ያልፋል፤ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ አፈር ግን ጎረቤት አጥር ሥር ለወራት ይቆማል፣ ክረምት ሲገባም ውሃ ይጠጣል። አደጋውን ቀድሞ የሚያየው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው፦ ትናንት ይገጥም የነበረ በር አልዘጋ ሲል፣ አጥሩ ሲያዘነብል፣ ግቢው መሬት ላይ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ሲወጣ። እነዚህን ምልክቶች እየጠቆሙ ያሳዩት፤ ሌሊትም የሚነሣ ስልክ ይስጡት። ሲደውል «ነገ እናያለን» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይኬዳል። ጥርጣሬ ካለ ቤተሰቡ ወዲያው ከቤቱ ይውጣ፤ ልኬቱ ሲነጋ ይደርሳል።