አትክልት ሞልቶ በከሰል እንዴት ይጠበሳል?

ቃሪያ ስንግ የሚሠራ ሰው የዚህን ምግብ ግማሽ ያውቀዋል። ልዩነቱ ይኼኛው እሳት ላይ መውጣቱ ነው።

ሐዋሳ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ ገበያ ውስጥ አለ። ለአራት ሰው ስድስት ፈረንጅ ቃሪያና አራት ቲማቲም ይበቃል። ቃሪያው ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ሲያስቀምጡት የሚቆም ይሁን። ቲማቲሙ ለወጥ እንደምንመርጠው ልስልስ ያለ አይሁን፤ ጠንከር ያለው ይሻላል። በጣም የበሰለው ሙቀት ሲነካው ይፈርስና የሞላችሁት ሁሉ ፍም ላይ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሙሌቱን አብስሉ። ጥሬ ሩዝ ሞልቶ አብሮ ይበስላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሩዝና ምስር ድስት ውስጥ እንኳ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከሰል ላይማ ቆዳው አርሮ ሩዙ ጥሬውን ይቀራል።

አንድ ብርጭቆ ሩዝና ግማሽ ብርጭቆ ድፍን ምስር ለየብቻ ቀቅሉ። ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨውና ከቲማቲሙ ፍቃችሁ ያወጣችሁትን ውስጡን ጨምሩበት። ውሃው መጠጥ ሲል ሩዙንና ምስሩን አዋህዱ። ለፍስክ ከሆነ ደግሞ በጨርቅ የተጠነፈፈ አይብ፣ ተቀቅሎ የተጨመቀ ቆስጣና ሚጥሚጣ ሙሉበት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። የምግቡ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ስስ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ከሰሉን ደጅ ላይ አቀጣጥሉ እንጂ በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሁን፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ከተነሳ ምድጃውን ወደ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት፤ አለበለዚያ ፍሙ እየተጋጋለ ያስቸግራችኋል።

የቃሪያውን አናት እንደ ክዳን ቆርጣችሁ ፍሬውን አውጡ። ውጪውን ዘይት ቀቡትና ባዶውን ፍርግርጉ ላይ አገላብጡት። ቆዳው እዚህም እዚያም ጠቆር ሲል አውርዱት። ይህንን ደረጃ አትዝለሉት። አንዴ ከተሞላ በኋላ መገልበጥ አይቻልም፤ የከሰሉን ጣዕም የሚያገኘው አሁን ነው።

ቀጥሎ ሙሉት፤ ግን አትጠቅጥቁት። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስባችሁ ቃሪያውን ፍም በሌለበት በኩል አቁሙት። ምድጃው ጠባብ ከሆነ የፍሙን ግማሽ አውጡለት። ከላይ ድስት ድፉበት፤ ሙቀቱ ታፍኖ ከላይም ያበስለዋል። ለቃሪያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለቲማቲሙ ግማሹ ይበቃል። ስለዚህ ቲማቲሙን ሞልታችሁ ዘግየት ብላችሁ ጨምሩት። ቢላ ያለ ችግር ሲገባለት ደርሷል።

በዳቦም በእንጀራም ይሆናል፤ ዳጣ ካለ ከጎኑ አድርጉ። ሲቀርብ ግን ቲማቲሙን አስቀድማችሁ ብሉት፤ ከቆየ ውሃ ያወጣል።