ዝንብ የሚበላውን ተክል ሳሎን ውስጥ እንዴት ማሳደግ ይቻላል

ሜሪላንድ ባለው አፓርታማዬ፣ ሳሎኑ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውን ተክል አይቶ "ይሄ አበባው ነው?" ያላለ እንግዳ የለም። አበባ አይደለም። ከቅጠሉ ጫፍ ቀጭን ክር ይወርዳል፤ የክሩ ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍና ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ ይሆናል። ጉንዳን ወይም ዝንብ ከማሰሮዋ ከንፈር ላይ ማር ሊልስ ይመጣል፣ ያዳልጠዋል፣ ውስጧ ካለው ፈሳሽ ይገባል፣ እዚያው ይሟሟል። የተክሉ ስም ኔፔንተስ ነው።

አገሩ በአብዛኛው ቦርኒዮ፣ ሱማትራና ፊሊፒንስ ነው። ለእኛ የሚቀርቡት የማዳጋስካርና የሲሸልስ ዝርያዎች ናቸው፤ አውሮፓውያን መጀመሪያ የጻፉትም ስለ ማዳጋስካሩ ነበር፣ ፈረንሳዊው ኤቲየን ደ ፍላኩር በ1658 እ.ኤ.አ.። የሚበቅልበት አፈር ድሃ ነው፤ ተክሉ ነፍሳት የሚያጠምደው ከመሬቱ ያጣውን ናይትሮጂን ሊያሟላ ነው። ይህችን መጀመሪያ ብረዳ ኖሮ ሁለት ተክል አልገድልም ነበር። አንዱን በጥሩ አፈር፣ ሌላውን "በንጹህ" ውሃ ነው የጨረስኳቸው።

የትኛውን እንግዛ

ቬንትራታ የሚባለውን ግዙ። የሁለት የፊሊፒንስ ዝርያዎች ድቅል ነው፤ ሰው ለሚኖርበት ቤት ሙቀት ምንም አይልም፣ ስህተትም ይችላል። ፎቶ ላይ አይታችሁ ያማራችሁ ያ ግዙፍ፣ ደም የመሰለው ራጃ ከሆነ ተዉት። እሱ የቦርኒዮው ኪናባሉ ተራራ ልጅ ነው፤ ቀን ለዘብ ያለ ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ይፈልጋል፣ ሲያድግም ዓመታት ይፈጃል።

በጠቅላላው ኔፔንተስ የቆላና የደጋ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። የቆላው ሌሊትም ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ይከፋዋል፤ የደጋው ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲወርድ ደስ ይለዋል። እዚህ አገር ሰዎች የደጋውን ለማሳደግ ማቀዝቀዣ ይገጥማሉ። የአዲስ አበባ ሌሊት ግን ያንን በነጻ ይሰጣል፤ ይህን ሳስብ ትንሽ እቀናለሁ። ነገር ግን ሻንጣ ውስጥ ጠቅልዬ ልውሰድ እንዳትሉ። ኔፔንተስ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ራጃማ ከሁሉም በጠበቀው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።

ውሃው

የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የውሃው ማዕድን ተክሉ ከሚችለው በላይ ነው፤ አፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥሩን ያቃጥላል። በመጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ አዲስ ማሰሮ መስራት ያቆማል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይሞታል። ወራት ስለሚፈጅበት ሰው ውሃውን አይጠረጥርም።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። "የቧንቧ ውሃ አይሆንም" ሲባል ለእኔ የገባኝ ጀርም ነው። ስለዚህ አፈላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ በጠርሙስ እያስቀመጥኩ አራት ወር አጠጣሁ። እስቲ ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክፈቱና ታቹን እዩ፤ ያ በጥፍር የሚፋቀው ነጭ ቅርፊት ከውሃው የቀረ ማዕድን ነው። ስታፈሉት እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ከማዕድኑ ጥቂቱ ታች ይጋገራል፣ ሌላው በቀረው ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይወፍራል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድል እንጂ ጨውን አያወጣም። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ማጣሪያ ማሰሮም ክሎሪኑን ይቀንስ እንደሆን እንጂ ለዚህ አይበቃም። የታሸገ የምንጭ ውሃማ ጭራሽ ማዕድን ያለው ተብሎ ነው የሚሸጠው።

የሚሆነው ሦስት ነገር ነው፦ የዝናብ ውሃ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው መሣሪያ የተጣራ ውሃ፣ ወይም ዲስትልድ (እንፋሎቱ ተጠራቅሞ የተጣራ) ውሃ። እዚህ ሱፐርማርኬት በጋሎን ይሸጣል፤ ለአንድ ተክል አንድ ጋሎን ሳምንታት ያቆያል። አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ በጀሪካን ማጠራቀም ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ያጥበውና ቀጣዩን ያዙ። መኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃም ያው ነው፤ ግን አሲድ ያለበትን እንዳይሰጧችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ቲዲኤስ ሜትር የምትባል፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የምትለካ፣ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ አለች። ለዚህ ሥራ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የማልጸጸትበት እሷ ብቻ ናት። ከ50 በታች ካነበበች ደስ ይበላችሁ፤ 100 ድረስም ይቻላል። የእኔ ቧንቧ 210 ሲል ያኔ ነው የሞተው ተክሌ ምክንያት የታየኝ።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ከላይ አፍስሱ፣ ከታች እስኪወርድ ጠብቁ፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ቬነስ የምትባለዋ አፏን የምትከድነው ተክል ውሃ ውስጥ ቆማ ትኖራለች፤ ይሄኛው ግን ሥሩ ይበሰብሳል። መቼ ላጠጣ ካላችሁ ማሰሮዎቹን ሳትነኩ ዕቃውን አንሱት፤ ሲቀልላችሁ ነው።

አፈሩ

አፈር የለውም። ስፋግነም ሞስ የሚባለውን፣ ደርቆ የሚሸጥ የረግረግ ተክል፣ ግማሽ ሰዓት ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ጨምቁት፤ ሁለት እጅ ሞስ፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ)። ፐርላይቱን ውሃ ረጭታችሁ ነው የምትከፍቱት፣ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሞሱንም በጓንት ያዙ፤ በቁስል የሚገባ ፈንገስ ሊኖርበት ይችላል። ስትጠቀጥቁት እንደ ትራስ ይሁን፣ እንደ ጡብ አይሁን።

"ለአበባ የተዘጋጀ" ተብሎ ማዳበሪያ ተቀላቅሎበት የሚሸጠውን ጥቁር አፈር አታስጠጉት። የመጀመሪያውን ተክሌን የቀበርኩት በሱ ነው።

ብርሃን

ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ። ካልተገኘ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩለት። ያ ሳሎኑን የምሽት ክበብ የሚያስመስለው ሐምራዊ መብራት አያስፈልግም፤ ገዝቼው ጎረቤት እስኪጠይቀኝ ድረስ ተሸማቅቄበታለሁ።

ማሰሮ አልሰራ ሲል

ሁሉም ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ተክሉን ማሰሮው ሞልቶ ትገዙታላችሁ፤ ቤት በገባ በወሩ ማሰሮዎቹ አንድ በአንድ ከክዳናቸው ጀምሮ ይደርቃሉ። አትደንግጡ። ያደገበት ግሪንሃውስ እንደ ሻወር ቤት እርጥብ ነው፤ የእናንተ ሳሎን ደግሞ፣ በተለይ በዲሴምበር ማሞቂያው ሲነሳ፣ ደረቅ ነው። የእኔ ሳሎን እርጥበት መለኪያው 24 በመቶ ሲያነብ አይቻለሁ። ቬንትራታ ወደ 50 በመቶ ግድም ይበቃዋል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው።

ስለዚህ ሰፊ፣ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከረጢት አልብሱት። ከላይ አስሩለትና ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አኑሩት፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ይቀቅለዋል። ከሳምንት በኋላ በመቀስ ሁለት ሦስት ቀዳዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ፣ በአራተኛው ሳምንት ከረጢቱን አውልቁ። በቀን ሦስቴ ውሃ እርጩ የሚሉትን አትስሙ፤ የረጫችሁት በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፣ እናንተም በሳምንቱ ይሰለቻችኋል። መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ካላችሁ ግን እኔን አትጠይቁኝ፣ እዚያ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ የአዲሱን ቅጠል ጫፍ እዩ። ክሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ቡናማ ጸጉር የለበሰች ነገር አለች፤ ማሰሮዋ እሷ ናት። እዚያው ጠቁራ ከደረቀች ወይ እርጥበት አንሷታል ወይ ብርሃን። ለመለየት ቅጠሉን ተመልከቱ፦ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነና ማሰሮ ከሌለው የጎደለው ብርሃን ነው። በትንሹ ቀላ ካለ ብርሃኑ በቅቶታል፤ እርጥበቱን አስተካክሉ። ፍሬዋ ካበጠች ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ወደ ላይ ትታጠፋለች፣ እንደ ፊኛ ትነፋለች፣ ክዳኗ እንደተዘጋ ቀናት ትቆያለች፣ አንድ ቀን ጠዋት ተከፍታ ታገኟታላችሁ። ፈሳሹ ከመከፈቷ በፊትም ውስጧ አለ። እኔ ሁለተኛው ተክሌ ላይ ትዕግሥት አጥቼ ክዳኗን በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፍቼ ነበር፤ በሳምንቷ ጠወለገች።

ማብላት

መስኮት ከተከፈተ ራሱ ያድናል። ካልሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ለአንዲት ማሰሮ አንድ የሞተ ዝንብ በቂ ነው፤ ሁሉንም ማሰሮ መሙላት አያስፈልግም። በጉዞ ላይ ፈሳሹ ከተደፋ ሩብ ያህል ዲስትልድ ውሃ ጨምሩ።

ሥጋ አይበላም። ለፋሲካ ቤቴ የመጡ አንድ ጋሼ ትልቋን ማሰሮ ትክ ብለው አዩና "እሷስ ጾም አልፈታችም እንዴ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ዝንብ ብቻ ነው የምትበላው" ብል፣ "በዓል ነው እኮ ልጄ!" ብለው ክትፎ አጎረሷት፤ ቅቤና ሚጥሚጣው እንዳለ። በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ ሸተተ። ስብ የበዛበት ሥጋ ከመፈጨቱ በፊት ይበሰብሳል፣ ማሰሮዋንም ይዟት ይሄዳል። ቆርጬ ጣልኳት፤ ለጋሼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ያረጀች ማሰሮ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ስትሆን ክሩ ላይ ቁረጡ። ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ይቆይ።

ግንዱ ረዝሞ መውደቅ ሲጀምር ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያለው ቁራጭ በንጹህ ምላጭ ቆርጣችሁ፣ ቅጠሎቹን በግማሽ አሳጥራችሁ፣ እርጥብ ሞስ ውስጥ ተክላችሁ ከረጢቱን እንደገና አልብሱት። የቀረው ግንድ ከጎን ያቆጠቁጣል። ቁራጩ ሥር እስኪያወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ይታወቃል። ይዞ ይሆን ብላችሁ ስባችሁ አትዩት። እኔ ስቤ ያየሁት ሥር አውጥቶ ነበር፤ እጄ ላይ ተቆረጠ።