መሃሉ ይሰረጉድ የነበረው የቸኮሌት ማፊን

በከተማው ሰሜናዊ ዳር፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለው ቤታችን የምጋግረው የቸኮሌት ማፊን፣ በኦቨኑ መስታወት በኩል ሲታይ መጀመሪያ አምሮ ይነሣና፣ ጥቂት ቆይቶ መሃሉ እየሰረጎደ ሲወጣ የስኒ ማስቀመጫ ይመስል ነበር። ባለቤቴም «አምባሻ ቢሆን ይሻልሽ ነበር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ቤኪንግ ፓውደሩን ነው፤ ጥቂቱን በሙቅ ውሃ ላይ ስነሰንሰው ግን ወዲያው ስለ ተንፈቀፈቀ ነጻ ወጣ። ጥፋቱ የከፍታው ኖሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የእኛ ሰፈር ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። በዚህም ምክንያት በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ከመጠን በላይ ይለጠጥና፣ ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይጸኑ ፈንድቶ ያመልጣል።

ስለዚህ ለ12 ማፊን የማስገባውን 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ወደ 1 ከሩብ አወረድሁ፤ ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሼ፣ የካካዎ ዱቄት እርጥበት ስለሚመጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨመርሁ፤ ሙቀቱንም ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አደረግሁ። የቸኮሌት ሊጥ ከመነሻው ጥቁር በመሆኑ መብሰሉ በመልኩ አይታወቅምና፣ ከ17ኛው ደቂቃ ጀምሮ በስንጥር እየወጋሁ አያለሁ። አሁን አናቱ ሞላ ብሎ፣ በትንሹ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ በኦቨኑ ግራ ጥግ ያሉት ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ ጠርዛቸው ያርራል።